እመቤት ፒኩንን የገደለው ጣፋጭ

የድራማ ሠሪዎቹ ፔቻቡሪ ከተማ ገበያ ድረስ መጥተው ከላምዱዋን ሱቅ አንድ ሙሉ ትሪ ሞጌንግ በወሰዱ ዕለት፣ ላምዱዋን እግሯ መሬት አልነካም። ሞጌንግ ከዳክዬ እንቁላልና ከኮኮናት ወተት የሚጋገር፣ ከላዩ የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት የሚነሰነስበት ጣፋጭ ነው፤ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ሥራ አታውቅም። ወሬውን ለዓሣ ሻጯ ለቡንሩዋን ነገረቻት። ለቡንሩዋን መንገር ለከተማው ሁሉ መንገር ማለት ነው።

«በ‹ቀዩ ሐር› ላይ የኔ ጣፋጭ ሊታይ ነው! ንጉሡ ፊት ሊቀርብ ነው!»

«ቀዩ ሐር» አገሩ ሁሉ ሰኞ ሰኞ ምሽት ሥራውን ጥሎ የሚያየው የጥንት ዘመን ድራማ ነው። ፒኩን የምትባል የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በጥንቷ ዋና ከተማ በአዩታያ ቤተ መንግሥት ገብታ እመቤት ስትሆን፣ ሳምሪት የሚባል ክፉ ባለሟል እግር በእግር ያሳድዳታል። ላምዱዋን ባሏ ከሞተ ወዲህ ለማንም ሰው እንደ ፒኩን ተጨንቃ አታውቅም።

ሰኞ ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ እሷ ቤት ተሰበሰበ። ትሪው ብቅ ሲል፣ «የኔ ነው! ሽንኩርቱን እዩት!» ብላ ጮኸች። ተጨበጨበላት። ወዲያው ሳምሪት የቀለበቱን ክዳን ከፈተና ነጭ ዱቄት ጣፋጩ ላይ ነሰነሰ። ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«አትብዪው!» አለች ቡንሩዋን ቴሌቪዥኑን።

ፒኩን በላችው። አጣጥማ በላችው። ከዚያ ደረቷን ይዛ ወደቀችና ሞተች።

ማንም አላለቀሰም። ሁሉም ቀስ ብሎ ዞረና ላምዱዋንን አያት።

በማግስቱ አንድም ሰው ሱቋ አልቆመም። ሃያ ዓመት ደንበኛዋ የነበረች አስተማሪ እንኳ ከሩቅ ሰላም ብላት አለፈች። አንድ ጡረተኛ ወታደር ግን ቀረብ ብሎ፣ «እትዬ ላምዱዋን፣ ምን አድርጋሽ ነው?» አላት።

«ማን?»

«ያቺ ምስኪን።»

«ከሞተች ሦስት መቶ ዓመቷ ነው! እኔ ያኔ አልተወለድኩም!»

«እሱማ ልክ ነሽ» አለና ትንሽ አሰበ። «ትሪው ግን ያንቺ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ላምዱዋን መረራት። ሟቿን በወጉ አሰናብታ ንጹሕነቷን ልታሳይ ቆርጣ ወደ ገዳሙ ሄደች። የገዳሙ አለቃ ሰማንያ የሚጠጉ አዛውንት መነኩሴ ናቸው። ከፊታቸው ተንበርክካ ሦስት ጊዜ ሰገደችና፣ «አባታችን፣ ለፒኩን ሰባተኛ ቀን ጸሎት እንዲደረግላት ፈልጌ ነበር» አለቻቸው።

አባ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሞተች?»

«ሰኞ ዕለት… አላዩም እንዴ?»

«ሰኞ ለቅሶ ቤት ጸሎት ላይ ነበርኩ! ዛሬ ማታ በስልክ ላየው ነበር እኮ!» ካሉ በኋላ የተናገሩት ትዝ አላቸውና ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «ለታሪክ እውቀት ነው የማየው።»

«እንዴታ፣ አባታችን።»

«ሳምሪት ነው አይደል?»

«ሳምሪት ነው።»

«ገና በመጀመሪያው ክፍል ብዬ ነበር» አሉና ጸሎቱን ፈቀዱ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የገዳሙ አዳራሽ ጢም አለ። የፒኩን ፎቶ በአበባ ተከቦ ተቀመጠ። ፎቶው ከሻምፑ ማስታወቂያ የተቆረጠ ስለነበር ሟቿ ጸጉሯን እያወናጨፈች ትስቃለች። ላምዱዋን አምስት ትሪ ሞጌንግ ጋግራ አቀረበች። የነካው የለም። መነኮሳቱ ጸሎቱን ጀምረው ሰዉ መነፋረቅ ሲጀምር፣ በሩ ላይ ጂንስ የለበሰች ወጣት ሴት እጆቿን አጋጥማ ጎንበስ አለች።

ፒኩንን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ዋሪሳ ነበረች። የድራማው ሠሪዎች ገና በከተማው ቀረጻ ላይ ስለነበሩ ወሬው ደርሷት፣ ልታመሰግን መምጣቷ ነው።

አንዲት ሴት ጮኻ ወደቀች። ቡንሩዋን ግን ተነሥታ ልጅቷን ክንዷን ያዘቻት።

«ያን ሁሉ ስንጮህልሽ አትሰሚም? ምን ያስቸኩልሻል ለመብላት?»

«ይቅርታ እማማ… ድርሰቱ ላይ እንደዚያ ይላል።»

«እሺ፣ አሁን አንዴ ሞተሻል። የሞተ ሰው የሚወጣውን ቁጥር ያውቃል ይባላልና የሎተሪ ቁጥር ንገሪኝ።»

«እኔ እኮ አልሞትኩም።»

«ቢሆንም ሞክሪ።»

ላምዱዋን ይህችን አጋጣሚ አላሳለፈችም። በአንድ እጇ ጭልፋዋን፣ በሌላው አንድ ቁራጭ ሞጌንግ ይዛ ቀረበች። «ልጄ፣ በሞቴ፣ ሰው ሁሉ ፊት ቅመሺልኝ።»

ዋሪሳ ሞጌንጉን ስታይ ፊቷ ገረጣ። «እማማ፣ አይቀየሙኝ። በቀረጻው ዕለት ዳይሬክተሩ አሥራ አራት ጊዜ ደጋግሞ አስበላኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው።»

«አስመለሳት!» የሚል ሹክሹክታ አዳራሹን ዞረ።

በዚህ መሃል ከውጭ፣ «ሳምሪት! ሳምሪት መኪናው ውስጥ አለ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰዉ መነኮሳቱን ትቶ ወጣ። ሳምሪትን ሆኖ የሚጫወተው፣ መነጽር ያደረገ ረጋ ያለ ሰውዬ ዋሪሳን ካመጣው መኪና ተጎትቶ ወረደ። ላምዱዋን ሰዉን ሰንጥቃ ስትደርስ ጭልፋዋን አነሣችና ትከሻው ላይ አሳረፈችበት።

«ስሜን ያጠፋኸው አንተ ነህ! ጣፋጬ ምን አደረገህ?»

«እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ደራሲው ነው ያዘዘኝ!»

«ብላ!»

ሰውዬው በሌላው እጇ የያዘችውን ቁራጭ ተቀብሎ ጎረሰ። አኘከ። ዋጠ። ጡረተኛው ወታደር ሰዓቱን ያይ ጀመር። አባም ለካ ጸሎቱን አቋርጠው በር ላይ ቆመዋል።

«ሌላ አለ?» አለ ሰውዬው ጣቱን እየላሰ።

ሁለተኛ በላ፣ ሦስተኛም በላ፣ አልሞተም። አንዳንዶች ቅር አላቸው። በመጨረሻ ወታደሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ መርዙ ከቀለበቱ ነው የመጣው፣ ትሪው ነፃ ነው» ብሎ ፈረደና ለራሱ አንድ ቁራጭ አነሣ። ከዚያ በኋላ አምስቱ ትሪ እንዴት እንዳለቀ ያየ የለም። አባ ዋሪሳን ወደ ጥግ ጠርተው ሳምሪት በመጨረሻው ክፍል ይቀጣ እንደሆነ ጠየቋት። ልጅቷ ውል ፈርሜአለሁና አልናገርም ብላ እንቢ አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ቡንሩዋን የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ላምዱዋን ቤት ስትሄድ፣ ላምዱዋን ባዶ ትሪ ታቅፋ ትንሰቀሰቃለች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ፒኩን።»

«ውይ፣ እሷማ ሳምንቷ እኮ ነው!»

«በናንተ ጭቅጭቅ መች ላለቅስላት ቻልኩ» አለች ላምዱዋን አፍንጫዋን በቀሚሷ እየጠረገች። «መርዶው ለኔ ገና ዛሬ ነው የደረሰኝ።»

ቡንሩዋን ዓሣውን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ እሷም ማልቀስ ጀመረች።