የጉንፋን ቅባት

ተማሪዎቹ በሌለችበት «ሻምበል» ይሏታል። ሻምበል ሆና አታውቅም፤ ግን ዕድሜዋን በጦር ሰፈር ሆስፒታል ቁስል ስታጥብ የኖረች ነርስ ናትና ስሙ ተለጠፈባት። ጡረታ ስትወጣ ቤት መቀመጡ አላስችል ቢላት የመምህርነት ኮርስ ወሰደችና ነርሲንግ ኮሌጅ ገባች። የሚያውቁትን ለልጅ አስተምሮ እንደመሞት ምን ደስታ አለ ብላ ነበር። ወይ ደስታ!

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቿ የሚለማመዱበትን የቁስለኞች ክፍል በር ገፋ ስታደርግ ሽታው ተቀበላት። የበሰበሰ ሥጋ! የመጣው ከአባባ ዘበኛው አልጋ ነው። አባባ ስኳር አለባቸው፤ ተረከዛቸው ቆስሎ ነው የገቡት። ቆሞ ማደር እንጀራቸው ነውና ያቺ እግር ከሄደች እሳቸውም ሄዱ ማለት ነው።

አንዲት ተማሪ አዲስ ፋሻ ጠቅልላ እየጨረሰች ነበር።

«ቁስሉ እንዴት ነው?»

«ንጹህ ነው ሲስተር። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ነኝ የማሽገው።»

«ምንም አይሸትሽም?»

ልጅቷ አየሩን በአፍንጫዋ ሳብ ሳብ አደረገች። «ኧረ ምንም!»

ከአፍንጫዋ ሥር ያብረቀርቃል። ሌሎቹም እንደዚያው።

«ምንድነው የተቀባችሁት?»

«የጉንፋን ቅባት። ሽታው እንዳያስቸግረን ብለው የኮሌጁ ዲን ናቸው ያሉን።»

የሰው መግል ካስጠላት ዘመን አልፏል፤ ይሄ የሚያብረቀርቅ ከንፈር ግን አስጠላት። ቁስል መልኩ ሳይለወጥ ጠረኑ ይለወጣል! ጦር ሰፈር እያሉ እሷና ባልደረቦቿ አፍንጫ እንዳይሳሳት ብለው ሽቶ እንኳ አይነኩም ነበር።

ፋሻውን ፈታችው። ላዩ ንጹህ ይመስላል፤ ጠርዙን ጫን ስታደርገው ግን መግል ወጣ፤ ብስባሹ ውስጥ ለውስጥ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። የተጠራው ሐኪም በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ሰኞ ብታሳዩኝ ጠርጌ አተርፈው ነበር። አሁን ከጉልበት በታች ይቆረጣል።»

ዲኑ ወሬው ደርሶት ሲከንፍ መጣና ወደ ኮሪደሩ ጎተታት። በዕድሜ ልጇ ይሆናል።

«ልጆቹን አያስደንግጡብኝ፣ ሲስተር። ባይቀቡ ያስታውካቸው ነበር እኮ።»

«ያስታውካቸዋ! ወጥተው አስታውከው ይመለሱ! እኔንስ ጀማሪ ሳለሁ ስንቴ ባልዲ አሳቅፈውኛል?»

«ለማንኛውም በመካከላችን ይቅር። ለሽማግሌው ስኳሩ ነው ያባባሰው እንላለን። ካወሩ ደግሞ ሥራዎን…»

«አፍንጫህን ላስ!» አለችውና ጥላው ገባች። ጽድት ያለ ነጭ ጋውኑ ከዚያ እግር ይልቅ ከረፋት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተማሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ጥፋቱ የኛ ነው። ቁስልዎ ሸትቶ ነበር፤ ሳናውቅለት ቀረን።»

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«እኔንማ ሸትቶኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ልናገር ነበር። ልጆቹ ገና ከበሩ አፍንጫቸውን ሲቀቡ ሳይ፣ ለካ እንዲህ ከርፍቻለሁ ብዬ አፈርኩ። እንዳይሸሹኝ እግሬን በብርድ ልብስ ስሸፍን ሰነበትኩ።»

ልጅቷ ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን በእጅጌዋ ትፈትግ ጀመር። እንባዋም ይወርዳል። አባባ አዩዋትና ልባቸው አልቻለም።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሏት። «ከተቆረጠ በኋላ አይሸትሽም።»