የሦስት ቀን ሐኪም

ከኮኪት ጎንደር ለመግባት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ መኪና፣ እጀባና ያልተማሩ መምሰል። ሁለቱ አንዳንድ ቀን ይገኛሉ፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋሉ። ሦስተኛው ግን በራስ እጅ ነው። በዚያ መንገድ ወረቀቱ «መምህር» ወይም «ነርስ» የሚል ሰው ከሁሉ ቀድሞ በሽፍታ ተይዞ ጫካ ስለሚወሰድ፣ የቆላው ሰው አንድ ልማድ አውጥቷል። ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ሁሉ መኪናው ሳይነሣ ለሽማግሌ ተሳፋሪ ይሰጣል፤ ሽማግሌው ይቀመጥበታል። ሽማግሌ አይፈተሽም ይባላል። ይህን ማን እንደወሰነው አይታወቅም፤ ሽፍቶቹ ግን ሲወሰን አልነበሩም።

ስርጉት ያን ዕለት ጧት ሚኒባስ ውስጥ የገባችው ዘጠኝ ሰርተፊኬት በፕላስቲክ ክላሰር ይዛ ነው። የካላዛር ሕክምና፣ የኮሌራ፣ የእባብ ንክሻ፣ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ፣ ሌላም ሌላም፤ አንዳንዱ የአንድ ወር፣ አንዳንዱ የሳምንት፣ አንዱ ደግሞ የሦስት ቀን ስልጠና። ኮኪት ባለ አንድ ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት በረዳትነት ሠርታለች። ሰሊጥ አጫጁ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ሲስተር አይደለችም። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የወጣ ልጅ ይመደባል፤ የደም ሥር እንዴት እንደሚፈለግ እሷ ታሳየዋለች፤ በወሩ መጨረሻ የእሷን የሥራ ግምገማ የሚሞላው እሱ ነው። ይህ ያላበገነው ሰው ካለ ደም የለውም።

ዘንድሮ ግን ጎንደር ላይ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ አዲስ በር ከፈተ። የአጭር ጊዜ ስልጠና ሰዓቱ እየተሰላ ለነርስነት ዲግሪ በክሬዲት ይያዛል ተባለ። ስርጉት ደውላ ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች። ዘጠኙ ሲደመሩ አንደኛውን ዓመት ሞልተው ሁለተኛ ዓመት ያስገቧታል። አንዱ ከጎደለ አይሞላም። ክሊኒኩ ደግሞ ለትምህርት የፈቀደላት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ አራት ከሆነ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። እና ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ክላሰሩን እንደ ሕፃን አቅፋ የመጣችው ለዚህ ነው።

ሽማግሌው ሐጂ ሷሊህ ነበሩ፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ዓይናቸውን ሊታዩ ጎንደር የሚሄዱ።

«ሐጂ፣ አደራ፤ ይቺን ይያዙልኝ» አለቻቸው።

«አምጪው ልጄ። ስንት ነው? ዘጠኝ? ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ይህን ያህል ትምህርት ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አሉና ከጀለቢያቸው ሥር ከተቱት። ተሳፋሪው ሳቀ።

ከሸኽዲ ከተማ ወዲያ እጀባው ቀድሞ ሄደ። ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ አዘገመ። የመጀመሪያው ጥይት የፊቱን መስታወት በተነው፤ ሁለተኛው የሹፌሩን ትከሻ ቦደሰው። መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ስድስት ሰዎች ከማሽላው ውስጥ ወጡና ተሳፋሪውን በሰደፍ እየደበደቡ አወረዱት። ሁሉም በደረቱ ተኛ።

«ሐኪም ማነው?» አለ ከፊት ያለው ሰውዬ። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ የተቆጣ የክፍል አለቃ ዓይነት ነው። «ከመካከላችሁ ሐኪም ካለ ይነሣ! የምንነካው የለም።»

ስርጉት ፊቷን አፈር ውስጥ ቀበረች። ብነሣ ይወስዱኛል ብላ አሰበች። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ብላም አሰበች፤ አዎ፣ እዚያ አፈር ላይ ተኝታ ስለ ምዝገባ አሰበች፣ ኋላም ራሷን ይቅር ያላለችው ይህን ነው። አልተነሣችም።

ሐጂ ሷሊህ ሲተኙ ክላሰሩ ከጀለቢያቸው ሾልኮ ወደቀ። ሰውየው አነሣው። ማንበብ ያውቃል።

«ስርጉት» አለ። «ስርጉት ማናት?»

ሐጂን በጫማው ጎናቸውን ረገጣቸው። «ስርጉት ማናት ሽማግሌ?»

«ልጄ ናት» አሉ ሐጂ። «እዚህ የለችም። ጎንደር ናት።»

«ልጅህ? ሐጂ ተብለህ ልጅህን ስርጉት አልካት?» ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እየሳቀ አፈ ሙዙን ማጅራታቸው ላይ አስደግፎ ተኮሰ።

ነጩ ሻሻቸው ከራሳቸው ወልቆ ሳሩ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ስርጉት የተነሣችው። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አንተ አረመኔ!» እያለች ጮኸች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልዘገየችም፤ ግን ዘገየች።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሻሹን አነሣና ኪሱ ከተተ። ከዚያ በፀጉሯ ይዞ ጎተታት።

ባንተአምላክ ይባላል። ይህን ያወቀችው ጓደኞቹ ሲጠሩት ነው። እየነዷት አንድ ሰዓት ተኩል ሄደው አንዲት ግራር ሥር ደረሱ። እሳት ተያይዞ ጀበና ሳይሆን ባዶ የጥይት ሣጥን ውኃ ተሞልቶ ተጥዶበታል። ከጥላው ሥር ታናሽ ወንድሙ ደሴ ተኝቷል፤ ጢሙ ገና ማብቀል የጀመረ ልጅ። ግራ ጭኑ በጥይት ተመትቶ ከቁስሉ በላይ በቀበቶ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። «ፍቱልኝ፣ ስለ እናታችን ፍቱልኝ» እያለ ይጮኻል።

ባንተአምላክ ግን ወደ ወንድሙ አልቸኮለም። እሳቱ ጎን ተቀምጦ ክላሰሩን ከፈተ።

«ስጠራ አልተነሣሽም» አለ። «እስቲ ምን ደብቀሽኝ እንደነበር እንይ። ኮሌራ። እዚህ ኮሌራ የያዘው ሰው አለ?»

«የለም» አሉ ሰዎቹ።

እሳት ውስጥ ጨመረው። ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ጠቆረ።

«የእባብ ንክሻ። እባብ የነደፈው? የለም። ካላዛር። ይሄ እንኳ ቆላ ላለ ሰው ጥሩ ነበር፤ አንድ ወር ነው የተማርሽው?» ያንንም ጨመረው። ስርጉት ዘላ እጇን እሳቱ ውስጥ ሰደደች፤ አንዱ በእርግጫ መልሶ ጣላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንቱን አቃጠለ። የአሥራ አንድ ዓመት ዕረፍት፣ ከፈረቃ ተለምኖ የተወሰደ ቀን፣ መተማና ጎንደር የተመላለሰችበት አቧራ ሁሉ በአንድ ሲጋራ ዕድሜ አለቀ። አለቀሰች፤ አላፈረችም።

ዘጠነኛውን ሲያነብ ቆመ። «ከባድ የደም መፍሰስን ማቆም። ይሄ ይያዝልሻል።» ቀጥሎ ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ሦስት ቀን? እኔ ክላሽ ፈትቶ ለመግጠም አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። በሦስት ቀን ነው ሰው የምታክሚው?»

«አዎ።»

ይህን ስልጠና የወሰደችው የሱዳን ጦርነት ቁስለኛውን በመተማ የድንበር ድልድይ ላይ ሲያጎርፍ ነው። አስተማሪው ዶክተር ዑበይዳ የሚባል የካርቱም ሰው፣ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሠራው እግርና በቀይ ውኃ ሦስት ቀን ሙሉ ያላሠራቸው ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር በአማርኛም በዓረብኛም ደጋገመላቸው። ማሰሪያው ስድስት ሰዓት ካለፈው የእናንተ አይደለም፣ የሆስፒታል ነው። ሜዳ ላይ የፈታው ገደለው፤ ኻላስ፣ አለቀ።

ልጁን አየችው። እግሩ ቀዝቅዞ ከጉልበት በታች ጠቁሯል።

«መቼ ነው የታሰረው?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ» አላት ደምለው የሚሉት፣ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሽፍታ።

አሁን እኩለ ቀን ሊሆን ነው። «እንዳትፈቱት» አለች። «እንዲሁ እንደታሰረ ሆስፒታል ውሰዱት። እግሩ አይተርፍም፤ እሱ ግን ይተርፋል። ከተፈታ ይሞታል።»

«እግሩ አይተርፍም?» አለ ባንተአምላክ። ሰደፉ አፏ ላይ አረፈ። ወደ ኋላዋ ተዘረረች፤ ሁለት ጥርስ ከደም ጋር መዳፏ ላይ ተፋች። «ሆስፒታል ቢሆን የምንወስደው አንቺን ምን አመጣሽ? ለወታደር እጅህን ስጥ ነው የምትዪኝ?» ደግሞ መታት፤ ጆሮዋ ጮኸ። ደሴ ከዚያ ሁሉ በላይ ይጮኻል። ባንተአምላክ የወንድሙን ድምፅ ሲሰማ መምታቱን ተወ።

ዞር ዞር አለና ተመልሶ አጠገቧ በርከክ አለ። ፊቱ ሌላ ሆኗል። ከኪሱ የሐጂ ሷሊህን ሻሽ አወጣ። ጫፉ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«በዚህ ታስሪለታለሽ» አለ። «እህቴ፤ ብፈታው ይሞታል ያልሽው የምርሽን ነው? የእናቴ ልጅ እሱ ብቻ ነው። የምርሽን ከሆነ ንገሪኝ፤ ሆስፒታል ደጃፍ ጥዬው እሄዳለሁ። ይያዙኝ ከፈለጉ።»

የምሯን ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ስርጉት ግን የምታየው ሻሹን ነው። ሐጂ «ልጄ ናት» ያሉበት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ይህ ሰው የሳቀው ሳቅም። እንዲህ ያለ ጥላቻ ሆዷ ውስጥ መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። ትኩስ ነው፣ ደስ ይላል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ወረቀቱን አንብበኸዋል። የሦስት ቀን ሐኪም ነኝ።»

«እና ይፈታ?»

«ወንድምህ አይደለም እንዴ? ፍቱልኝ እያለህ ነው።»

ከዚያም ማንም እስኪነካው አልጠበቀችም። ራሷ ተንበርክካ የቀበቶውን ማሰሪያ ፈታች።

ደሴ መጮኹን አቆመ። ፊቱ ረገበ፤ ዓይኑን ከፍቶ አያት። «እግዜር ይስጥሽ እቴ» አላት። እንዲህ አላት። ያን ጊዜ ደሙ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፈነዳ።

ስርጉት ልትመልሰው ሞከረች። ማንም ባያምናት፣ ሞከረች። ሻሹን ጠቅልላ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀች፣ በሁለት ጉልበቷ ጭኑ ላይ ወጣች፣ ቀበቶውን መልሳ ሳበች፤ ደሙ በጣቶቿ መካከል እየፈላ ክርኗ ደረሰ። «እንዳትሞት! አንተ ልጅ እንዳትሞት!» ትላለች። ልጁ ሁለቴ ተንሰፈሰፈና ልቡ ቆመ። ከእግዜር ይስጥሽ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ባንተአምላክ ጠመንጃውን አቀባብሎ ግንባሯ ላይ ደገነ። ደምለው በርሜሉን በክንዱ ገፋው፤ ጥይቱ ከጉልበቷ ጎን መሬቱን ቀደደው።

«ተው!» አለ ደምለው። «ነግራህ አልነበረም እንዴ? ይሞታል ብላህ አይደል ጥርሷን ያረገፍከው? ጠይቀህ ጠይቀህ ያስፈታኸው አንተ ነህ። ሴትዮዋ ምን ታድርግ?»

ባንተአምላክ ጠመንጃውን ጣለና ወንድሙ ላይ ተደፍቶ እንደ ከብት አገሣ። ደምለው ከመሬት ያችን ቀሪ ወረቀት አንሥቶ ደረቷ ላይ ለጠፈላት። «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፤ እግዜር ያውቃል። እግርሽን አንሺ!» አላት። ሮጠች። እሾሁ ሲቧጥጣት፣ ነጠላ ጫማዋ ሲበጠስ አልተሰማትም፤ አስፋልቱ ላይ እስክትወድቅ ሮጠች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሐጂ ሷሊህ መተማ ተቀበሩ። ስርጉት የፊት ጥርሷ ጎድሎ፣ በየስልጠናው ቢሮ ደጅ ጠንታ የስምንቱን ምትክ ደብዳቤ አስጻፈች፤ ያያት ሁሉ እያዘነላት ቶሎ ቶሎ ፈረመላት። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎንደር ደረሰች።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ አሰበች የምትባለው፣ ደግ ሴት ናት። የሆነውን ከወሬ ሰምታለች። ስምንቱን ደብዳቤ፣ ዘጠነኛውንም ደም የነካውን ዋናውን ወረቀት ተቀብላ ደመረች።

«ልክ ሞላልሽ!» አለች። «ሁለተኛ ዓመት ነሽ። አንድ ነገር ብቻ፤ ይሄን የሦስት ቀኑን ገምጋሚዎቹ ይጠራጠሩታል። ሦስት ቀን ምን ያስተምራል ይላሉ። ሰው ላይ ሠርተሽበት ከሆነ እዚህ ባዶ ቦታ ላይ በሁለት መስመር ጻፊው፤ ያልፍልሻል።»

ስርጉት እስክሪብቶውን ያዘች። ቦታው ትንሽ ነው፤ ለሁለት መስመር ይበቃል።

«በደንብ አስተምረውኛል» አለች።

«ታዲያ ጻፊዋ የኔ እናት።»

«ሦስት ቀኑ በቂ ነበር። ያስተማሩኝን የማላውቅ መስዬ ነው ልጁን የገደልኩት።»

አሰበች ቀና ብላ አየቻት። ስርጉት ዘጠነኛውን ወረቀት ከክምሩ ሳበችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ይሄ አይያዝልኝ።»

«ያለሱ አይሞላም እኮ!» አሰበች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከአንደኛ ዓመት ልትጀምሪ ነው። ሥራሽስ?»

«አውቃለሁ» አለች ስርጉት። «ያንደኛ ዓመቱን ቅጽ ስጪኝ።»

አሰበች ቅጹን ሰጠቻት። ስርጉት የኮኪት ሥራዋ በዚያው እንዳለቀ እያወቀች፣ ሙሉ ስሟን በትልልቁ ጻፈችና ፈረመች።