የመምህር አለባቸው ጋዜጦች

ሰርክአዲስ ለአራተኛ ጊዜ ከፍራሹ ተነስታ ከድንኳኑ ወጣች። የሟች ልጅ በለቅሶ ቤት እንዲህ ስትቅበዘበዝ ያስወራል፤ ያውም በሸዋ ሮቢት፣ ሙቀቱ ሰውን አጋድሞ ከወሬ በቀር ሌላ ሥራ በማያሠራበት።

«ሰርክዬ፣ ምን ሆነሻል? አረፍ በይ እንጂ» አሏት የእድሩ እትዬ ደመቀች።

እንዴት ትረፍ? ቀብሩ ላይ መነበብ የነበረበትን የአባቷን የሕይወት ታሪክ አልደረሰልኝም ብላ ለነገ፣ ለሠልስት አስተላልፋለች። ከልደት እስከ ጡረታ ጽፋዋለች። የቀራት አንድ መስመር ነው፤ መምህር አለባቸው ለምን ታሰሩ? ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌዎች መልሱን በሹክሹክታ ጨርሰውታል፤ ንጉሥ ናፋቂ ስለነበሩ ነው። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችው ይህንኑ ነው። አባቷን በዚህ ስም ጠርታ መሸኘት ግን ከበዳት።

ነገሩ ከፓሪስ ይጀምራል። መምህሩ እዚያ ታሪክ ሲያጠኑ ከወንዝ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንድ ካርቶን ሙሉ ጋዜጣ ገዝተው መጡ፤ «አክሲዮን ፍራንሴዝ» የሚባል። በደርግ ጊዜ ቤታቸው ሲፈተሽ አንዱ ገጽ ላይ የዘውድ ሥዕል ተገኘ። ከፈታሾቹ ፈረንሳይኛ የሚችል አልነበረም፤ ዘውድ ግን ማንም ያውቃል። ያንን ገጽ ለማስረጃ ወስደው ካርቶኑን ተዉት፤ መምህሩም ሦስት ዓመት ታሰሩ። ሰርክአዲስን የትምህርት ቤት ልጆች «ልዕልት» እያሉ አስለቀሷት። ከተፈቱ በኋላ አንድ ቀን፣ አባባ ምኑን ወደድከው ብላ ብትጠይቃቸው ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ «ገና አንብቤ አልጨረስኩም» አሏት። ዳግመኛ አልጠየቀችም። ተቀየመቻቸው፤ ቂሙም አብሯት አረጀ።

ትናንት ከቀብር መልስ የሳሎኑ ጭቃ ግድግዳ በለቅሶ ደራሹ ላይ ሲረግፍ ሴቶቹ የሚለጠፍ ጋዜጣ ጠየቋት። ካርቶኑን ጎትታ ሰጠቻቸው። ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ ለጥፈው አለበሱት። እሷም በልቧ፣ እፎይ፣ አሁንስ ተገላገልኩት አለች።

ከቀትር በኋላ ጣሪቅ መጣ። ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ነው፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ፈረንሳይኛ ከቤቱ ተምሯል። አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ ብሎ ሳሎኑ ውስጥ ሊቀመጥ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ። ቆሞ ማንበቡን ቀጠለ። ሰርክአዲስ አላስችል ብሏት ምን ይላል አለችው።

ጋዜጣው በፈረንሳይ ሪፐብሊኩን ጥለው ንጉሥ መመለስ የሚፈልጉ ሰዎች ልሳን እንደነበር ነገራት። ጎረምሶቻቸው በየመንገዱ እየጮኹ ይሸጡት ነበር፤ ከተቃወማቸው ጋር ዱላ ይማዘዙ ነበር። አይሁዱንም የውጭ ሰውንም የአገር ጠላት ይሉ ነበር። ቀጥሎ በጥቅምት 1928 ወደወጣው ገጽ ዞረ። ጣሊያን የወረረን ጊዜ ነው። ለኢትዮጵያ ተብሎ ጣሊያን አይቀጣ እያሉ ይሟገታሉ።

«እትዬ፣ አባትዎ ይህን የያዙት ወደውት አይደለም» አለ። «ዳሩ ላይ በእርሳስ መልስ ጽፈውበታል፤ በዚያው በፈረንሳይኛ።»

«አንብብልኝ።»

ጣሪቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «"ይህ በተጻፈ በሰባተኛው ወር ጣሊያኖች አባቴን ጣርማ በር ላይ ገደሉት። እኔ በእናቴ ሆድ ነበርኩ። ሰው እንዲህ ያለውን በየቁርሱ እያነበበ እንዴት እንደሚለምደው ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጄ አንድ ቀን ደግማ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ የምነግራት..."»

ቆመ። የቀረው በሚቀጥለው ገጽ ተሸፍኗል።

ሰርክአዲስ ጆግ ውኃና ጨርቅ ይዛ መጣች። ጣሪቅ ቀስ ይበሉ ቢላት፣ እትዬ ደመቀችም ተይው ልጄ ቢሏት አልሰማችም። የላይኛውን ገጽ አራሰችና በጥፍሯ ያዘችው። ሲነሳ የታችኛውን ይዞት ተነሳ። ተሸፍኖ የነበረው የጽሑፉ ቀሪ ጣቷ ላይ ሊጥ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ፊደል እንኳ አይለይም።

በውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ።

ነገ የምታነበው መስመር አሁን አላት፤ መምህር አለባቸው የታሰሩት በማይወዱት ጋዜጣ ነው። አባቷ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ደግማ እንድትጠይቃቸው ጠብቀው፣ ሳትጠይቃቸው ሄደዋል። «እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት» አለች፤ ለማንም አልነበረም።

ሳይቀደድ የቀረው፣ «ልጄ» የሚለው ቃል የተጻፈበት ጠርዝ ከግድግዳው ተላቆ ይርገበገብ ነበር። በእርጥብ መዳፏ መልሳ ደገፈችው፣ እስኪደርቅም ግድግዳው ሥር ቆመች።