ማዳበሪያ የማይበላው ሩዝ

ዶክተር ዊግንዮ ሃያ ሁለት ዓመት አፉን ሞልቶ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «የእኔ ሩዝ ማዳበሪያ አይፈልግም።» ክላተን ከተማ አጠገብ ባለች የጃቫ ደሴት መንደር፣ በአንዲት የሙከራ ማሳ ላይ፣ ሩዙ በየወቅቱ ማዳበሪያ ከጠገበው የጎረቤት ሩዝ እኩል ያፈራል። በዚህችው ማሳ ዐሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ አሳትሟል፤ አብዛኞቹን ከእሱና ከአራሚው በቀር ያነበባቸው የለም። ሌላ ቦታ ሲዘራ ሩዙ ቢጫ ሆኖ መቅረቱን «የአፈር ልዩነት» ብሎ በግርጌ ማስታወሻ ሸኝቶታል። እሱ ራሱ አፈር የነካው በጫማው ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ይለካል፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

አሁን ፕሮፌሰር ሊሆን ነው። ማክሰኞ መድረክ ላይ ንግግር ያደርጋል፣ ይፈርማል፣ በቃ። ካባው ተሰፍቷል። ከሚስቱ ተደብቆ አዲሱን ፊርማውን ሦስት ገጽ ሙሉ ተለማምዷል። የቀረው ማሳውን የሚጠብቁለትን ሽማግሌ፣ ቱሚጃንን፣ መጥራት ነበር፤ እሑድ ዕለት ወደ መንደሯ ሄደ።

«አባባ፣ የፊተኛው ወንበር የእርስዎ ነው።»

«እሰየው! እንግዲህ ከተሾሙልን እኔም ልረፋ። ወገቤ ፍግ መሸከም አቃተው።»

«የምን ፍግ?»

«የሩዝዎ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ገርጥቶ ሊሞት ሲል አየሁት። የተማረ እንግዳ መንደራችን መጥቶ አፍሮ ይመለስ? እንዳይሸትዎ ሰኞ ሰኞ ነበር የማፈሰው።»

«ታዲያ እንዴት አይነግሩኝም!»

«እንደዚያ ፈንድቀው ሲመዝኑ? ነውር አይደለም እንዴ!»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዊግንዮ እውነት ለመጥራት ሃያ ሁለት ዓመት ማደር ነበረበት። ለካ ሲያጠና የኖረው የቱሚጃንን ወገብ ኖሯል። ሞተር ብስክሌቱ ጋ ሳይደርስ «በአካባቢው ማኅበረሰብ ተሳትፎ» የምትል ማምለጫ ሐረግ ወደ አእምሮው መጣችለትና በራሱ አፈረ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ማክሰኞ ሁሉንም ለመናዘዝ ቆረጠ። ሹመቱ ቢቀርም ይቅር!

አዳራሹ ሞልቷል። ዊግንዮ ካባውን እየረገጠ ወጣ።

«እኔ ለዚህ ማዕረግ አልበቃም» አለ።

ሰው ሁሉ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ንግግሩን የሚከፍተው ራሱን አዋርዶ ነው፤ ያላዋረደ ይታማል።

«የምሬን ነው! ያገኘሁት ምንም ነገር የለም። ሩዙን ያበቀሉት እኚህ ገበሬ ናቸው።»

ጭብጨባው ቀለጠ። «ትሕትና ማለት ይህ ነው!» አሉ አንዲት ሴት ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ፍግ ይደረግበት ነበር እኮ! ፍግ!» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያም ሁሉም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አቅፈው ሳሙት። ያላጨበጨቡት ቱሚጃን ብቻ ነበሩ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንግዳቸውን በሰው ፊት እንዳዋረዱ ሁሉ አቀርቅረው ቀሩ።

ዊግንዮ እውነቱን ሦስት ጊዜ ተናገረ። መዝገቡን ከፍተው ብዕር ሲሰጡት ግን አራተኛ ጊዜ አልሞከረም፤ ፈረመ። ፊርማውም እንደተለማመደው አማረ።