ከሉን ያወለቀች ዕለት

ሰማያዊው ቀሚስ አልሆናት አለ። ትከሻዋ ላይ ይሰፋል፣ ወገቧ ላይ ይይዛል፤ በስድስት ወር ውስጥ ሰውነቷ ምን ሲሠራ እንደ ከረመ ለእታገኝም አልገባትም። ከኅዳር ጀምሮ ከላይዋ ያልወረደው ጥቁር ቀሚስ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በሩ ሥር ተቀምጧል። ለሚፈልግ ሰው ይሰጣል ተብሏል። እንዲህ ያለውን ልብስ የሚፈልግ ማን እንደሆነ ግን የተናገረ የለም።

የልጇ የፍሬው መንፈቅ የወጣው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ያን ዕለት የእድሩ ሴቶች ከበው ያዟት። ዓመት ይሙላው ብትልም አልሰሟትም። አንድ ልጇን የቀበረች ሴት ጥቁር ልብስ ውስጥ ስታልቅ ቆመን አናይም አሉ፤ ለመኑ፣ አስማሉ፣ አንዷማ እግሯ ላይ ልትወድቅ ነበር። እታገኝ ሰው እምቢ ማለት አታውቅበትም። እሺ አለች።

«አክስቴ፣ ሌይት ሆንን፣ ረፈደብን እኮ! እዛ ደግሞ ፓርክ ማድረጊያ የለም» አለች ሮማን ከደረጃው ሥር።

ሮማን የእህቷ ልጅ ናት። በርባንክ አየር ማረፊያ ትሠራለች፤ ዛሬ ግን አክስቷን ለማድረስና ለማስተርጎም ፈረቃዋን ቀይራለች። እሑዱ ተራ እሑድ አልነበረም። ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሁለት የአንድ ፓርቲ ሰዎች ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት የጓሮ አዳራሽ፣ እድሩ ፊት ይቀርባሉ። ቅድመ ምርጫው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ውጤቱ በጥቂት መቶ ድምፅ ይለያል ተብሎ ተወርቷል። እድርተኛው ከተስማማ ደግሞ ከነቤተሰቡ በአንድ ቃል ነው የሚመርጠው። እንግዲህ ያ አንድ ቃል ከእታገኝ አፍ እንዲወጣ ተወስኗል።

ይህን የወሰኑት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ሰይፈሥላሴ ናቸው። እኒህ ሰው ሆሊውድ ውስጥ የሆቴል እንግዶችን መኪና ሲያቆሙ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ ንግግር አያምኑም፣ ማስታወቂያ አያምኑም፣ ቴሌቪዥን ጭራሽ አያምኑም። የሚያምኑት አንድ ነገር ነው። «ሰው በሠርግ ቤት ይዋሻል፣ በሸንጎ ይዋሻል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ግን አይዋሽም» ይላሉ። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች የፍሬው ለቅሶ ላይ መጥተዋል። እንግዲህ አይታቸዋለች፤ የትኛው ከልቡ፣ የትኛው ከአንገት በላይ እንደሆነ እናቲቱ ትፍረድ አሉ።

እታገኝ ፍርዷን ከወሰነች ቆይታለች።

ፍሬው በስልክ እየተጠራ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ የሚቀጥለውን ጥሪ ሲጠብቅ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ጨፈለቀው። የሚሠራለት ኩባንያ ያን ጊዜ ተሳፋሪ ስላልያዘ በሥራ ላይ አልነበረም አለ። ካሣው ቢቀርባትም በኖረች ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ግን ልትውጣት አልቻለችም። ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ እሑድን እንኳ ያላረፈ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ስልኩን በእጁ እንደ ያዘ ሞቶ፣ ሥራ ፈት ነበር ይባልባት? የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥሪ የሚጠብቅ ሾፌር በሥራ ላይ ነው የሚል ሕግ ይውጣና፣ ልጄ ሥራው ላይ ሞተ ብላ በሙሉ አፏ ትናገር።

ሃሎዌይ የሚባለው ተወዳዳሪ ለቅሶው ላይ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ረጅም ሰው ነው፤ ጉልበቱን አጥፎ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ደረቷን ስትደቃ አብሯት አለቀሰ፤ እንባው ጉንጩን አልፎ አገጩ ላይ ሲንጠለጠል ሰው ሁሉ አየ። «ወንድሜን በእሱ ዕድሜ ነው የቀበርኩት። ሕጉን በልጅሽ ስም አወጣዋለሁ» አላት። ፈረንጅ እንዲህ ያለቅሳል እንዴ ተብሎ ሳምንት ተወራ።

ሌላዋ ተወዳዳሪ ሴት፣ ኬሳዳ፣ በማግስቱ መጣች። አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ኩባንያው በምን ቃል መለሰ እያለች ጠየቀች። ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ ብለው ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ አጉረመረሙ። የቀረበላትን ምግብም ሳትነካ ወጣች።

ለመፍረድ ምን ይከብዳል?

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እታገኝ ወደ ኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግታ ተቀመጠች፤ ሰማያዊ ለብሳ ፊት መቀመጥ አሳፈራት። ፊተኛው ረድፍ ላይ ዕንቁ ተቀምጣለች። ዕንቁ ጥቁር ለብሳለች። እናቷ አገር ቤት ከሞቱ ወር አልሞላቸውም፤ ለቀብሩ አልደረሰችም። ያላገባች፣ ያልወለደች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት።

ሃሎዌይ ገባ። ከጋሼ ሰይፈሥላሴ ጋር ተጨባበጠ፣ ጎንበስ ብሎ ሽማግሌዎቹን ሰላም አለ፣ ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ አዳራሹን ዞረ። የሚፈልገው ሰው እንዳለ ያስታውቃል። እታገኝ ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ ልትል ጀመረች።

እሱ ግን ወደ ዕንቁ ሄደ።

ፊቷ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «አንድም ቀን ከሐሳቤ ወጥተሽ አታውቂም። ልጅሽንም አልረሳሁትም» አላት። አቀፋት። ሲለቃት እንባው አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያው እንባ፣ ያው ቦታ ላይ።

አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ ያልገባው ሰው እንኳ ገባው። ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ በሰው ፊት አይታረምም። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው አወረዱ። ዕንቁ ደግሞ፣ እኔ አይደለሁም ትለው ይሆን ተብሎ ሲጠበቅ፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረና ከልቧ አለቀሰች። እታገኝ በግማሽ ብድግ እንዳለች ቆየች። ሰውየውን ላሳፍረው? ወይስ ዕንቁን፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ይሉኝታ ያዛት። ተመልሳ ልትቀመጥ ስትል ከሃሎዌይ ጋር የመጣች ሴት ወደ እሷ ፈገግ ብላ ስልክ አቀበለቻት።

«አንድ ፎቶ ታነሺልን? ሁለቱን አንድ ላይ።»

እታገኝ ስልኩን ተቀበለች። ወደ ፊት ሄደች። በስልኩ መስታወት ውስጥ ሰውየውን አየችው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ የዕንቁ ትከሻ ላይ ነው። ቀጥ አድርጎ ተመለከታት። ምንም አላየም። ፎቶውን አነሳች። ሰውየው ቀረብ ብሎ አመሰገናትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ እናት የደረሰባትን ብታውቂ!» አላት። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኼ ነው።

«አውቃለሁ» አለችው በእንግሊዝኛዋ። «ጎረቤቷ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ብዙም አልሰማችውም። ሕጉን አወጣለሁ ሲል፣ በልጇ ስም ይጠራል ሲል፣ ወደ ዕንቁ ሲያመለክት፣ ሰው አጨበጨበ። ያላጨበጨበች ሮማን ብቻ ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ አክስቷን ታያለች።

ኬሳዳ ዘግይታ መጣች። ንግግሯ አጭር ነበር። ያ ሕግ ባለፈው ዓመት በምክር ቤቱ ኮሚቴ ውስጥ ውድቅ ሆኖ ሞቷል አለች፤ ኩባንያዎቹ ጠንካራ ናቸው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይሞታል፣ ምናልባትም በሥልጣን ዘመኔ በሙሉ። አወጣለሁ ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ። ሰው ተጉረመረመ፤ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ለወጉ አጨበጨበ። ስትወጣ በኋለኛው በር በኩል አለፈች፤ እታገኝ አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች።

«የፍሬው እናት» አለች። «ጥቁሩን አወለቅሽ።»

እታገኝ አንገቷን ነቀነቀች።

«የምነግርሽ አዲስ ነገር የለኝም። ኩባንያው ያለውን ቃል ግን አልረሳሁትም። አዝናለሁ።»

እጇን ሳትዘረጋ፣ ሳታቅፋት ሄደች። እታገኝ የተዘጋውን በር እያየች ቆመች። እውነት እንዲህ ባዶ እጇን ትመጣለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እውነተኛውን ሰው ማግኘት ብቻ ይበቃል ብላ ነበር የምታምነው። እነሆ አገኘችው፤ ምን ታድርገው?

እንግዶቹ ሲሄዱ መጀመሪያ የመጣችባት ዕንቁ ናት። ፊቷ አብጧል።

«እታገኝዬ፣ ይቅር በይኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው የለም። አቅፎኝ ሳለ... አቃተኝ።»

«ምንም አይደል» አለቻት። እውነቷን ነበር። ሰውየው ይህንንም አላወቀም፤ እንባው የተሳሳተ ሰው ላይ ወድቆም ሥራውን ሠርቷል።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ቆሙ። ከጠዋቱ ይልቅ ያረጁ መሰሉ። «እንግዲህ የሆነውን ሁላችንም አይተናል» አሉ። «ሰው ይሳሳታል። ልብሱን አይቶ ነው እንጂ... ብቻ እኔ ምን አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት አይዋሽም ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ልጄ፣ አንቺ ፍረጂ። ከሁለቱ እውነተኛው ማነው?»

«ይሄማ ኦብቪየስ፣ ግልጽ ነው፣ ጋሼ! ሰውየው ፌክ ነው፣ በቃ!» አለች ሮማን። እታገኝ እጇን ይዛ ዝም አሰኘቻት።

«እውነተኛዋ ሴትየዋ ናት» አለች እታገኝ።

አዳራሹ እፎይ አለ። የሚጠበቀው ይኸው ነበር፤ አንዳንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሊነሳ ጀመረ።

«ድምፃችሁን ግን ለሰውየው ስጡ።»

«ምን?» አለች ሮማን።

«እውነቱን ነግራናለች። እውነቱ የለም ነው። እኔ ደግሞ የለም የሚለውን ሰምቼ ጨርሻለሁ፤ ከኩባንያው ሰምቻለሁ፣ ከጠበቃው ሰምቻለሁ፣ ሌሊት ሌሊት ከራሴም እሰማዋለሁ። ውሸታም ሰው አንዳንዴ ውሸቱ እንዳይጋለጥበት ብሎ ይሠራል። ከዚህ ሌላ የቀረኝ ተስፋ የለም፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ማንም አልተከራከራትም። ቢከራከሯት ደስ ይላት ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና እንግዲህ እጅ ይነሣ አሉ። እጆች አንድ በአንድ፣ እየከበዳቸው ተነሡ። ዕንቁም አነሣች፣ ወደ እታገኝ ሳታይ።

ወደ ቤት የነዳችው ሮማን ናት። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ስልኳ ጠራ፤ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ናቸው፣ ድምፃቸው መኪናውን ሞላው።

«የሰውየው ሰዎች ደውለው ነበር። ሐሙስ ጋዜጠኞች ፊት ስለ ሕጉ ይናገራል አሉ። እናቲቱ አጠገቡ እንድትቆም ይፈልጋሉ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥቁር የለበሰችዋን አምጡልን ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው? ለዕንቁ ልንገራት? ወይስ እውነቱን...»

ሮማን ወደ አክስቷ ዞረች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋባቸው።

«ዕንቁን አያስቸግሯት፣ ጋሼ» አለች እታገኝ። «ትመጣለች በሏቸው።»

ቤት ስትገባ ገና ብርሃን ነው። ከረጢቱ በሩ ሥር እንዳለ ነው። ሳትቀመጥ ፈታችው። ሰማያዊውን ቀሚስ በራሷ ላይ ስታወልቅ ብብቱ ተሰነጠቀ፤ ተወችው፣ ወንበር ላይ ጣለችው። ጥቁሩን ለበሰች፣ ሻሿን አሰረች፣ መስታወቱ ፊት ቆመች። ሰውየው የሚያውቃት ሴት እዚያ ቆማለች። ትከሻው ላይ አልሰፋም፣ ወገቡ ላይ አልያዘም። ልኳ ነበር።