በወጣቶች ሙሉ ድጋፍ

፩

«ይኼ እጅ የማን ነው?»

ምናሴ ስልኩን እህቱ ፊት ደቀነው። ፎቶው ላይ ረድኤት አለች፤ ስብሰባ ላይ የታደለውን ነጭ ካናቴራ ለብሳ፣ ቀኝ እጇን ከሰው ሁሉ በላይ አውጥታለች። ከፎቶው ሥር የከተማው አስተዳደር እንዲህ ጽፏል፦ «ባጃጆች ከዋናው አስፋልት እንዲወጡ የቀረበው ውሳኔ በወጣቶች ሙሉ ድጋፍ ጸደቀ።»

«የኔ ነው» አለች ረድኤት።

ምናሴ የባጃጅ ሾፌር ነው።

፪

ታሪኩን ከመሀሉ ስለጀመርኩት አትቀየሙኝ። ከመጀመሪያው ልጀምረው ሞክሬ ነበር፤ መጀመሪያው ንግግርና ጭብጨባ ብቻ እየሆነ አስቸገረኝ። የሚያስፈልጋችሁን ያህል ልንገራችሁ።

ረድኤት የከተማ ፕላን ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ የተቀመጠች ልጅ ናት። ከታላቅ ወንድሟ ጋር የምትኖርበት ቁልቋል ሰፈር ከከተማዋ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሚኒባስ አይወጣውም። የሚወጣው ባጃጅ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ማዶ ናቸው። ባጃጅ አስፋልቱን እንዳይነካ ከተባለ፣ ቁልቋል ሰፈር ከከተማው ተቆረጠ ማለት ነው።

የወጣቶች አማካሪ ጉባኤ ሲቋቋም ሰፈሩ የመረጠው እሷን ነው። ደስ ብሏት ነበር።

ከልቧ።

፫

የባጃጁ ጉዳይ ለውይይት ሊቀርብ ነው ሲባል ወርዳ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀመጠች።

«አስፋልቱ ላይ መንዳቱ ይቅርብን። መሻገሪያ ብቻ ይስጡን» አሏት።

ይህንኑ በካርታ ሠራችው። አንድ መሻገሪያ ሆስፒታሉ ጋ፣ አንድ ገበያው ጋ፣ አንድ ትምህርት ቤቱ ጋ። ምናሴ ካርታውን አገላብጦ አየና፣ «እንዲህ ተደርጎ ከቀረበላቸውማ እምቢ የሚሉበት ምክንያት የላቸውም» አለ። እህቱን በሰው ፊት ሲያሞግስ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ሾፌሮቹ ሻይ ጋበዟት፤ አንደኛው እንዲያውም ዳገቱን በነጻ አድርሷት ሄደ።

፬

በውይይት የመሳተፊያ መመሪያ
(ረድኤት እንደደረሰባት)

በሰዓቱ ድረሺ። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ጠብቂ።

ካናቴራውን ልበሺ። ልክሽ አይደለም፤ ቢሆንም ልበሺ።

ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ መሆኑን አድምጪ።

አጨብጭቢ።

የሻይ እረፍት ነው። ብስኩት ብዪ።

ረቂቁን ለማንበብ ብትጠይቂ «ስክሪኑ ላይ አለላችሁ» ትባያለሽ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይነበብም።

አጨብጭቢ።

አስተያየት መስጠት ከፈለግሽ እጅሽን አውጪ።

አታውርጂው።

አታውርጂው።

፭

ሰብሳቢው አቶ ሽመክት ነበሩ፣ የከተማው የትራንስፖርት ኃላፊ። የተባባሉትን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ እኔ ባሳምረው ይበላሻል።

አቶ ሽመክት፦ እሺ፣ ጊዜያችን ሄዷል። ሁለት አስተያየት ወስደናል፤ ሁለቱም ምስጋና ነው። ደስ ይላል።

ረድኤት፦ (እጇን እንዳወጣች) አቶ ሽመክት፣ ይቅርታ፣ አንድ ሐሳብ ነበረኝ፤ ካርታም ይዣለሁ…

አቶ ሽመክት፦ የኔ ልጅ፣ በጽሑፍ ስጪን። የእናንተ ሐሳብ ወርቅ ነው፤ አንዱም አይጣልም።

ረድኤት፦ ሆስፒታሉ ጋ ያለውን ብቻ እንኳ…

አቶ ሽመክት፦ ውይይታችንን በዚሁ በስኬት አጠናቀናል።

(ጭብጨባ። የካሜራ ብልጭታ።)

፮

«የመናገር ዕድል ለመጠየቅ ነው እጄን ያወጣሁት!» አለች ለወንድሟ።

«እኔማ አምንሻለሁ» አለ ምናሴ ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «ተራ ላይ ላሉት ልጆች ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ፎቶ እኮ ነው።»

በማግስቱ ቁልቁል ስትወርድ፣ በነጻ አድርሷት የነበረው ሾፌር አጠገቧ ደርሶ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ፤ ማንነቷን ሲያይ ነዳው።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው አስተዳደሩ ቢሮ፣ ፎቶውን ወደለጠፈው ሰው ነው። ሙሉዓለም ይባላል። ሽማግሌ ጠብቃ ነበር፤ እኩያዋ ሆኖ አገኘችው።

«ድምፅ አልተሰጠም እኮ! እኔ አልደገፍኩም!»

«አልተቃወምሽምም» አላት።

«መቼ ዕድል ተሰጠኝና?»

ሙሉዓለም በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ በኔ አትፍረጂ። ጽሑፉ አልቆ ነው የሚመጣልኝ። የጎደለው ፎቶ ብቻ ነበር።»

«መቼ ነው የመጣልህ?»

እንደገና በሩን አየ።

«ከስብሰባው በኋላ ነው?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ታዲያ?»

«በፊት።»

፯

ውሳኔው ሥራ ላይ ዋለ።

እትዬ አምሳለ የረድኤት ጎረቤት ናቸው። ስኳር እግራቸውን አቁስሎት በየሳምንቱ ቁስሉን ለማስጠረግ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ የሚያመላልሳቸው ምናሴ ነው። ያን ሰኞ ረድኤትም አብራቸው ነበረች። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ።

«ባጃጅ እዚህ ያበቃል።»

«በሽተኛ ነው የያዝኩት!» አለ ምናሴ። «ሆስፒታሉ ይኸው፣ ይታያል እኮ!»

«እኔም ይታየኛል፣ ወንድሜ። የታዘዝኩት ግን ይኼ ነው።»

ምናሴ ሞተሩን አጠፋ። ጎንበስ አለና እትዬ አምሳለን አዘላቸው። የጭነት መኪና በግራ በቀኝ ጥሩንባውን እያንባረቀ፣ እሳቸው «ኧረ አውርደኝ ልጄ፣ ኧረ ሰው ያየኛል» እያሉ፣ ረድኤት የወለቀ ጫማቸውን ይዛ ከኋላ እየሮጠች ተሻገሩ።

ማዶ ሲደርሱ እትዬ አምሳለ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ረድኤት ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አጠለቀችላቸው። ያፈሩት እሳቸው ናቸው፤ ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነው።

፰

ስለዚህ ሄደች። በዚህ ጊዜ ቀጠሮ አልያዘችም። ካርታዋን፣ ምናሴን፣ በፎቶው ምክንያት ፊት አዙረውባት የነበሩትን፣ ምናሴ እውነቱን ሲነግራቸው ግን የመጡትን ሾፌሮችና «እኔም እመጣለሁ» ብለው ድርቅ ያሉትን እትዬ አምሳለን ይዛ የአቶ ሽመክት ቢሮ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለች። ጠበቁ። መስክ ወጥተዋል አለች። ጠበቁ። አቶ ሽመክት ለምሳ ሲወጡ ግን በር አንድ ነው፤ ተገናኙ።

አቶ ሽመክት የእትዬ አምሳለን የተጠቀለለ እግር አዩ። ካርታውን ተቀብለው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ። ከዚያ ረድኤትን በቅን ፊት፣ እውነት እላችኋለሁ በፍጹም ቅን ፊት፣ እንዲህ አሏት፦

«የኔ ልጅ፣ ይኼን ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁንም?»

እዚህ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ልተው። ረድኤትም መልስ ለመስጠት ጊዜ ወስዶባታል።



«እጄን አውጥቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ፎቶ አነሳችሁት።»

፱

ሆስፒታሉ ጋ አንድ መሻገሪያ ተፈቀደ። «ለሙከራ» ተባለ። የገበያውና የትምህርት ቤቱ «በጥናት ላይ» ናቸው። የከተማው ገጽ ዜናውን ሲያወጣ አስተዳደሩ የኅብረተሰቡን ችግር በራሱ ተነሳሽነት መቅረፉን ገለጸ። ካርታው የረድኤት ነው፤ ስሟ ግን የለም።

ሾፌሮቹ ይቅርታ ጠየቋት። እትዬ አምሳለ መረቋት። ምናሴ «ከምንም ይሻላል» አለ። ረድኤት ግን ልጆች ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው በመኪና መሀል እየሮጡ ትምህርት ቤት ሲሻገሩ ባየች ቁጥር ትበግናለች። ይህን ድል ልበለው? ሽንፈትስ ልበለው? ሁለቱንም ጽፌ ሰርዣለሁ።

፲

ስልኳ ጠራ። አቶ ሽመክት ራሳቸው ናቸው። ምናሴም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ረድኤት፣ ልጄ! መልካም ዜና ይዤልሽ ነው። የወጣቶች ተሳትፎ መመሪያ አዘጋጅተናል። ሐሙስ ይጸድቃል።»

«ማን አዘጋጀው?»

«ባለሙያዎች ናቸዋ።»

«ወጣት ነበረበት?»

«ለዚህ አይደል የደወልኩልሽ! ከፊት ትቀመጫለሽ። በወጣቱ ስም ንግግርም ታደርጊያለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«እሱን አታስቢበት፣ ተጽፎ አልቋል። ካልተመቸሽም ቅር አይለንም፤ ሌላ ልጅ አለን።»

ረድኤት ወንድሟን አየችው።

«ካልሄድሽ የሚያጨበጭብ ሰው ነው የሚያስቀምጡበት» አለ ምናሴ በሹክሹክታ። «ከሄድሽ ደግሞ ያው ፎቶ ነው።»



«ሄሎ?» አሉ አቶ ሽመክት። «ትመጫለሽ አይደል?»

፲፩

የሚቀጥለውን እኔ አልጽፍላትም፤ ተጽፎ የሚመጣላት ይበቃታል።

ረድኤት፦