ሁለቱ ውሸታም መርፌዎች

ከሚዋሽ መሣሪያ መሣሪያ አለመኖሩ ይሻላል። ይህን ለመካኒኩ ብነግረው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ያረጀች መኪና ናት። ያረጀ ሰውስ ይቀባጥር የለ?» አለኝ። ያረጀ ሰው ይቀባጥር ይሆናል፤ ግን ሴት የያዘን ሰው ጫካ መሀል ያለ ቤንዚን አያስቀርም። አጎቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከቆዳና ከክር በቀር የሚያዋየው ሰው አልነበረውም። አንድ ቀን የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ገባና የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት አየ። ከዚያ ወዲህ ራሱን ሳያመው የዋለበት ቀን የለም። እሷ ኮስታራ ሴት ናት፤ ክኒኑን ትሸጥለታለች፣ አወሳሰዱን ትነግረዋለች፣ «ውሃ ይጠጡ» ብላ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ትዞራለች። እንደ ምንም ደፍሮ በመኪናው ሐይቅ ዳር ሊወስዳት ሲጠይቃት ግን እሺ አለች።

መኪናዋ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ዳሽቦርዷ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ክብ ባለመርፌ መለኪያዎች፣ ጌጆች፣ አሉ፦ አንዱ የነዳጅ፣ አንዱ የሞተር ሙቀት። በመጀመሪያው ጉዞ የነዳጁ መርፌ ግማሽ ላይ ተጎልቶ ሳለ ሞተሩ አስሎ አስሎ ቀጥ አለ። ቦታው ዛፍ እንጂ ሰው የሌለበት ነው።

«ቤንዚን አለቀ» አላት።

ሴትዮዋ ጌጁን አየች፣ ዛፎቹን አየች፣ ከዚያ አጎቴን አየች። «ወንዶች ይህን ዘዴ የተዉት መስሎኝ ነበር» አለችው።

በሁለተኛው ጉዞ ታንኩን እስከ አፉ አስሞላ። አሁን ደግሞ ዳገቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ። ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፣ አስነሣ፤ መርፌው ወዲያው ተመልሶ ቀዩ ላይ ወጣ። ሐይቁን ሳያዩ መሸ።

«አንድ ዕድል ይቀርዎታል» አለችው ስትወርድ። «ይህች መኪና ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ከቆመች፣ መመለሻው በታክሲ ነው። ከዚያ በኋላ ራስዎን ሲያምዎት ሌላ መድኃኒት ቤት ይፈልጉ።»

አጎቴ ይህን ነገረኝ። «ሌላው መድኃኒት ቤት እኮ ሩቅ ነው» አለ።

መካኒኩ ራዲያተሩን አጠበ፤ መርፌዎቹ እንደዚያው ናቸው። ቴርሞስታቱን ቀየረ፣ ታንኩ ውስጥ ነዳጁን የሚለካውን ተንሳፋፊ ቀየረ፤ መርፌዎቹ እንደዚያው ናቸው። መለዋወጫው ሲያልቅበት ጥፋቱን በዕድሜ አሳበበ። ያላወቀውን ሁሉ በእርጅና የሚያላክክ ባለሙያ ያንገሸግሸኛል፤ ፊት ለፊቱም ነግሬዋለሁ።

አጎቴ በበኩሉ ሌላ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ጌጁ ግማሽ እያለ ነዳጁ ካለቀ፣ ሌባ አለ ማለት ነው። የታንኩ ክዳን ላይ ቁልፍ አንጠለጠለበት። ቁልፉ ቀለሙን እንዳይፍቅ የቆዳ ልብስ ሰፋለት። ከዚያ ወዲህ የነዳጁን መርፌ ያለ ጥርጥር አመነ። ከጎረቤታችን ሹፌርም ጋር ሰላምታ አቋረጠ።

«እሺ፣ ሌባው ቤንዚኑን ወሰደ» አልኩት። «ሞተሩንስ ምን አሞቀው?»

«ተናዶ ይሆናል።»

«ሌባው?»

«ሞተሩ።»

ለመጨረሻው ጉዞ እኔንም አስከተለኝ። «ከኋላ ተቀመጥ» አለኝ፤ «ከቆመች ትገፋለህ።»

ከከተማው ሳንወጣ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መንፏቀቅ ጀመረ። አጎቴ ላብ ላብ አለው። አንድ እጁን መሪው ላይ ትቶ በሌላው የበሩን እጀታ ያዘ።

«አይውረዱ» አለችው ሴትዮዋ። «እንፋሎት ይታይዎታል?»

«የለም።»

«የሚሸት ነገርስ?»

«የእርስዎ ሽቶ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሞተሩ ትኩሳት የለበትም። የታመመው ቴርሞሜትሩ ነው።» ሰውነቷን ወደ ጌጆቹ አዘነበለች። «ሁለቱን ሕመሙ መቼ ነው የጀመራቸው?»

«አብረው ነው የጀመራቸው» አለ አጎቴ።

«ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሆዱን ታሞ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን አብረው እንደበሉ ነው። እነዚህስ ከየት ነው የሚበሉት?»

ጥያቄው ከእኔም ከመካኒኩም አፍ መውጣት ነበረበት። «እትዬ፣ ከኋላቸው አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አለች» አልኩ። «የባትሪውን ኃይል እየመጠነች ለሁለቱም የምትሰጠው እሷ ናት። መካኒኩን እያት ብለው 'እሷ አትበላሽም' ብሎ ዘጋኝ።»

«ከመታመማቸው በፊት ምን ተደረገ?»

«ምንም» አለ አጎቴ። «ዳሽቦርዱን ቆዳ አለበስኩት እንጂ።»

«ከፊት ብቻ ነው ያለበሱት?»

አጎቴ ማርሽ ቀየረ። መቀየር አያስፈልገውም ነበር።

«ከኋላም አልብሻለሁ… ትንሽ ይንኳኳ ነበር» አለ።

ዳር አስያዘችው። «ይህ መቆም አይቆጠርብዎትም፤ ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለችው። ሞተሩን ሳያጠፋ ጌጆቹን በካቻቢቴ ፈትተን ወደ ፊት ሳብናቸው። ሣጥኗ ቡናማ የቆዳ ኮት ለብሳለች። ጠርዙ በድርብ ስፌት የተሰፋ ነው። ከሥሯ ቆዳ ተነጥፏል፣ በብሎኗ ዙሪያም ቆዳ ገብቷል። የቀራት አዝራር ብቻ ነው።

«ይህች ሣጥን የመኪናውን ብረት መንካት አለባት!» ብዬ ጮህኩ። «ካልነካች ኃይሉን መመጠን አትችልም፤ እንዳለ ትለቅባቸዋለች። ሁለቱም ካለው በላይ ያሳያሉ። ቤንዚኑም ይበዛል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ራዲያተር ያሳጠብነው፣ ሰው የተቀየምነው ለዚህ ኮት ነው?»

«ስፌቱን ግን እዩት» አለ አጎቴ ቀስ ብሎ።

ሴትዮዋ አገላብጣ አየችው። «ስፌቱ ያምራል» አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ የፋሻ መቁረጫ መቀስ አወጣች። አጎቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሣጥኗን ብረት ለብረት አድርጌ አሰርኳት። የሙቀቱ መርፌ እያመነታ ወረደና መሀል ላይ ረጋ። አጎቴ በረጅሙ ተነፈሰ። የነዳጁም መርፌ ወረደ። እሱ ግን አልረጋም፤ ወርዶ ወርዶ ባዶ የሚለው ላይ ተኛ።

«ይኸኛውስ ለምን አልዳነም?» አለ አጎቴ።

«ድኗል» አለች ሴትዮዋ። «እውነቱን ነው የሚነግርዎት።»

ሞተሩ አሳለ። አንዴ ነጠረና ጸጥ አለ።

ከመኪናዋ ኋላ ጀሪካን አለ። ቤንዚን ማደያውም ከወዲያኛው መታጠፊያ ይታያል። ልሮጥ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«የታንኩ መክፈቻስ?»

አጎቴ መሪውን አቀፈ። «ቤት ነው። ሌባው እንዳያገኘው ደብቄዋለሁ።»

በዚህ መሀል ከኋላችን ታክሲ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ወርዳ እጇን ዘረጋች፤ ታክሲው ቆመ። በሩን ከፈተች። የአጎቴን ፊት ማየት አልቻልኩም።

«ግባ» አለችኝ።

«እኔ?»

«መመለሻው በታክሲ ነው አልኩ እንጂ ማን እንደሚመለስ አልተናገርኩም። መርፌው ይዋሽ ነበር፣ አሁን አይዋሽም። ሄደህ መክፈቻውን አምጣ።»

«አጎቴ፣ የት ነው የደበቅከው?»

መሪውን ለቀቀ። «ቁም ሣጥን ውስጥ። ከክኒኖቹ ሥር።»

«ከየትኞቹ ክኒኖች?» አለችው እሷ።

«ከራስ ምታቶቹ።»

«አልዋጧቸውም?»

«አንዱንም።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ የሣጥኗን የቆዳ ኮት ከዳሽቦርዱ ላይ አነሣች፣ የተቆረጠውን ስፌት በጣቷ አስተካከለች፣ ቦርሳዋ ውስጥም ከተተችው። እኔ ጀሪካኑን አቅፌ ታክሲው ውስጥ ገባሁ። በሩን ዘጋችብኝና በመስኮቱ ወደ ሹፌሩ ጎንበስ አለች።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው፤ «አንቸኩልም።»